መልስ፦ ስለ ቻርልስ ማሊክ
ወንድሜ፣ «ሁለንተናዊው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ሲዘጋጅ የዐረብ ዲፕሎማት ድርሻ ነበረው ወይ?» ላልኸው፣ አዎ፣ ያውም ትልቅ ድርሻ። ሊባኖሳዊው ቻርልስ ማሊክ በሃርቫርድ የተማሩ የፍልስፍና መምህር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለአገራቸው ከፈረሙት አንዱ ናቸው። በ1948 ፓሪስ ውስጥ የመግለጫው ረቂቅ አንቀጽ በአንቀጽ ሲመረመር የሦስተኛው ኮሚቴ (የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የማኅበራዊ፣ ሰብዓዊና ባህላዊ ጉዳዮች ኮሚቴ) ሰብሳቢ እርሳቸው ነበሩ። ክርክሩ ከ80 በላይ ስብሰባዎች ፈጀ። ንግግር ሲንዛዛባቸው ሰዓት ይዘው እያንዳንዱን ተናጋሪ በሦስት ደቂቃ እስከ መገደብ ደርሰዋል። ያ ጥብቅነት ባይኖር ሰነዱ በዚያው ዓመት መድረሱን በጣም እጠራጠራለሁ። ዲሴምበር 10 ቀን በ48 ድጋፍ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ፣ በ8 ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ፤ ኢትዮጵያም ከደጋፊዎቹ አንዷ ነበረች። ማሊክ ኋላ የሊባኖስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በ1958 ደግሞ የጠቅላላ ጉባኤው ፕሬዚዳንት ሆነዋል።