ድንጋይ መሳዩ ተክሌ ተሰነጠቀ፤ ሊሞትብኝ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። ሊቶፕስ የሚባል፣ ድንጋይ የሚመስል ተክል በስጦታ አግኝቼ ነበር። ሰሞኑን መሃሉ ተሰንጥቆ ቅጠሎቹ ተጨማደዱ። ውሃ የጠማው መስሎኝ በየቀኑ አጠጣዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ውሃውን ዛሬውኑ አቁሚ! አልታመመም፣ ቅጠል እየቀየረ ነው። ስንጥቁን ጠጋ ብለሽ እዪው፤ አዲስ ጥንድ ቅጠል ብቅ ሲል ይታይሻል። አዲሶቹ የሚያድጉት አሮጌዎቹ ያጠራቀሙትን ውሃ እየመጠጡ ስለሆነ፣ አሮጌዎቹ ደርቀው እንደ ወረቀት እስኪሳሱ ድረስ ጠብታ አትስጪው፣ በጣትሽም አትላጪያቸው። የደቡብ አፍሪካና የናሚቢያ ደረቅ ምድር ተክል ነው። ጥማት ይችላል፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆየ ግን ይበሰብሳል።

ጥቁር የጓሮ አፈር አይሆነውም። አዳማ አካባቢ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሞልቷል። ቅጠሉን ቀይሮ ሲጨርስ ደቃቁን ጠጠር ነፍተሽ ከጥቂት አፈር ጋር ቀላቅይና ታቹ በተበሳ ጣሳ ትከይው። የጠዋት ፀሐይ ያግኝ። የቀትሩን ግን ቀስ በቀስ አለማምጂው፣ በድንገት ከመታው ያቃጥለዋል። ክረምት ሲገባ ከዝናብ አስጠልዪው፤ እኔ በረንዳ ላይ የረሳሁት አንዱ በሐምሌ ዝናብ ሳምንት ሳይሞላው ልፍስፍስ ብሎ ቀረ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ውሃ መልሰሽ ስትጀምሪም አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ አጠጪው።