ከኦፍ ማግሥት ደረቷ የሚጨንቃት የፈትል ሠራተኛ፦ ለወንድማችን ጥያቄ መልስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ታናሽ እህትህ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ከዕረፍት ስትመለስ ደረቷ ጭንቅ ይላታል፣ ትስላለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ክሊኒክ ስትሄድ አንዴ ብርድ ነው፣ አንዴ አለርጂ ነው እየተባለች መድኃኒት ወስዳለች። የአክታ ምርመራዋም ከሳንባ ነቀርሳ ነጻ ነው። የጠየቅኸው ሁለት ነገር ነው፦ ሕመሙ ከሥራዋ የመጣ ነው ወይ? ሥራውንስ ትተው ወይ?

ሐኪም አይደለሁም። ፈትል ክፍል ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሠርቻለሁ። ኋላም በፋብሪካችን የደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ ውስጥ የሠራተኞች ተወካይ ነበርኩ። ያየሁትንና ከሐኪሞች ጋር ስንሠራ የተማርኩትን ልንገርህ፤ ረዘም ይላል፣ ታገሠኝ።

ከጻፍከው ሁሉ ልቤን የያዘው ሕመሙ ከዕረፍት ስትመለስ የሚነሳ መሆኑ ነው። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ አለ፤ ቢሲኖሲስ ይባላል። ጠባዩ ሰውን ያታልላል። መጀመሪያ አካባቢ በሥራ ቀን ሁሉ አያምም። አንድ ቀን አርፈህ ስትመለስ፣ ማሽኑ ላይ ጥቂት ሰዓት ከቆየህ በኋላ ደረትህ ይያዛል። በማግሥቱ ይቀላል። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ትረሳዋለህ። ለዚህ ነው ሠራተኛው ሥራውን የማይጠረጥረው። «ሥራው ቢሆን ኖሮ በየቀኑ ያመኝ ነበር» ይላል። ቤተሰብም ዕረፍት ቀን ልብስ ስታጥብ ብርድ መታት ብሎ ያምናል።

ሪቻርድ ሺሊንግ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የላንካሻየርን የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ሲመረምር በሽታውን በደረጃ የከፈለው በዚሁ በቀኑ ነው። ከዕረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን አልፎ አልፎ ደረት የሚይዝ ከሆነ ጅማሬው ነው። ያ ቀን በመጣ ቁጥር የሚይዝ ከሆነ አንደኛ ደረጃ። ወደ ሌሎቹ ቀናትም ከተሻገረ ሁለተኛ። ከዚህ አልፎ የሳንባው አቅም ላይመለስ ከቀነሰ ሦስተኛ። ሦስተኛው ላይ የደረሰ ሰው ፋብሪካውን ቢለቅም ትንፋሹ እንደ ድሮው አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ ላይ ያለ ሰው ግን ከብናኙ ከራቀ ይሻለዋል። እህትህ ከጻፍከው እንደገባኝ ገና መመለስ የሚቻልበት ቦታ ላይ ትመስለኛለች። ችላ አትበሉት የምለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የኛ አገር ችግር አለ። መጽሐፉ ሁሉ ስለ ሰኞ ነው የሚያወራው። እኛ ጋ ግን በሦስት ሺፍት የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የሁሉም ሰው ኦፍ፣ ማለትም የዕረፍት ቀን፣ እሑድ ላይ አይውልም። የአንዷ ረቡዕ ነው፣ የሌላዋ ዓርብ። ስለዚህ ሐኪሙ «ሰኞ ሰኞ ያምሻል ወይ?» ቢላት «አይ» ትላለች፤ እውነቷን ነው። መጠየቅ ያለበት «ከኦፍሽ ማግሥትስ?» ተብሎ ነው። አብራኝ ትሠራ የነበረች አንዲት ልጅ አስም ነው እየተባለች ስንት ጊዜ ተመላልሳለች። አንድ ሐኪም ምን ሥራ እንደምትሠራና ኦፏ መቼ እንደሆነ ሲጠይቃት ነው ነገሩ የተገለጠው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደብተር ያዙ። ውድ ነገር አይደለም፤ የልጆች ደብተር ይበቃል። በየቀኑ አንድ መስመር፦ ቀኑ፣ ሺፍቱ፣ ኦፍ ነበረች ወይስ ሥራ፣ ደረቷን የያዛት በስንት ሰዓት፣ የለቀቃትስ መቼ። የዚያን ቀን የሠራችበት ማሽንም ይጻፍ። ለአራት ወይም ለአምስት ሳምንት ከተጻፈ ሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ ከብዙ ወሬ ይበልጣል። ዓመት ፈቃድ ስትወጣስ እንዴት ናት? ያንንም ጻፉ። ሁለት ሳምንት አርፋ ሳሉ ጠፍቶ፣ ተመልሳ በገባችበት ቀን ከተነሳ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ሐኪም ጋ ስትሄድ «ፋብሪካ ነው የምሠራው» ብላ እንዳታቆም። ፈትል ክፍል፣ ጥጥ፣ ይህን ያህል ዓመት፣ ማሽኑ ይሄ ነው ትበል። ራጅ አንስተው ንጹሕ ነው ቢሏት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ በዚህ በሽታ ራጅ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። የሚጠቅመው ስፓይሮሜትሪ የሚባለው የትንፋሽ ምርመራ ነው። ቱቦ ውስጥ ባለ በሌለ ኃይል ትተነፍሳለች፣ መሣሪያው በመጀመሪያው ሰከንድ ምን ያህል አየር እንዳወጣች ይለካል። ከኦፍ በኋላ ባለው ቀን፣ ሥራ ከመግባቷ በፊትና ከሺፍቷ ስትወጣ ቢለካና ቢነጻጸር ከሁሉ የተሻለ ነው። እሱ ካልተገኘ ፒክ ፍሎው ሜትር የምትባል ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ አለች፤ አጠቃቀሟን አንዴ ካሳዩአት ራሷ እየለካች ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

የሳንባ ነቀርሳውን ነገር ግን አንዴ ነጻ ነኝ ብላ አትዝጋው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለ፣ በተለይ ማታ ማታ ላብ፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ከተጨመረ፣ እንደገና ትመርመር። የጥጥ ሠራተኛ መሆኗ ከቲቢ አያድናትም።

አሁን ደግሞ ስለ ወተት ልንገርህ። ብዙ ፋብሪካ ውስጥ «ወተት ጠጪ፣ ብናኙን ያጥባል» ይባላል። አሠሪም ወተት ሰጥቶ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ወተት ምግብ ነው፣ ትጠጣ፣ ምንም አይደለም። ግን ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ብናኙ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። አይገናኙም። ወተት ስለሚሰጠን ብለው ማስክ ያወለቁ ልጆች አይቻለሁና ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል።

ማስኩም ቢሆን ዓይነት አለው። ጨርቁና ሰማያዊው የሕክምና ማስክ በጎን በኩል ክፍት ነው፤ ደቃቁ ብናኝ በዚያ ይገባል። የሚያስፈልጋት ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የሚባለው፣ ፊት ላይ ግጥም የሚለው ነው። ሲታጠብ ይበላሻል። ሲተነፍሱበት ከከበደ ወይም ከረጠበ ይቀየራል። የፈትል አዳራሽ ደግሞ ክሩ እንዳይበጠስ ተብሎ እርጥበቱ ከፍ ተደርጎ ነው የሚያዘው፤ በዚያ ሙቀት ስምንት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ዓይነት ማስክ አድርጎ መዋል ከባድ ነው። ስለዚህ ማስክ የመጨረሻው መከላከያ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ዋናው ብናኙ ከምንጩ ሲያዝ ነው። ከሁሉ የከፋው ቤሉ፣ ማለትም የጥጡ እሽግ፣ ተፈትቶ ጥጡ የሚበተንበት ብሎው ሩምና ጥጡ የሚበጠርበት ካርዲንጉ ነው። ክሩ የሚፈተልበት ሪንግ ላይ ሲደርስ ይቀንሳል፣ ሽመና ላይ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ካርዲንጉ ሽፋኑ ሙሉ ሆኖ፣ መምጠጫው በትክክል ሲሠራና ፊልተሩ በጊዜው ሲጸዳ አዳራሹ ሌላ አዳራሽ ነው የሚመስለው። አሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. ክር በሚመረትበት ክፍል የጥጥ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ200 ማይክሮግራም እንዳያልፍ በሕግ ወሰነች። ፋብሪካዎቹ ማሽን ሲሸፍኑና ሲቀይሩ በሽታው በጣም ቀነሰ። ወተት ወይም ማስክ ብቻ ይህን አላደረገም።

ደግሞ ሺፍት ሲቀየር ያለውን ላሳይህ፤ እህትህን ጠይቃት፣ ታውቀዋለች። የኮምፕሬሰሩ ቱቦ ይያዝና ማሽኑ ይነፋል። መሬቱ ይነፋል። ከዚያ ሴቶቹ ተራ በተራ ቆመው አንዷ የሌላዋን ፀጉርና ጋውን ትነፋለች፤ ቅንድብና ሽፋሽፍት ላይ ያለው ነጭ ጥጥ ሁሉ ብድግ ይላል። አዲስ የሚገባው ሺፍት ያንኑ እየተነፈሰ ሥራ ይጀምራል። ንጹሕ ሆኖ የወጣ ይመስላል፤ ግን መሬት ላይ ተኝቶ የነበረው ሁሉ አየር ላይ ነው ያለው። እኛ ኮሚቴ ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ የጠየቅነው ይሄ እንዲቀር ነበር። በቫኪዩም መምጠጥ፣ መሬቱን በረጠበ ነገር መጥረግ፣ መንፋት ግድ የሚሆንበት ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ የሚነፋው ሰው ኤን 95 አድርጎ። ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም። ሱፐርቫይዘሩ እስኪያምንበት ድረስ ግን ብዙ ጭቅጭቅ ነበር።

ሥራውን ትተው ወይ ላልከው፦ ነገ ሄዳ መልቀቂያ አታስገባ። ቤት ኪራይ አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ ይገባኛል። መጀመሪያ የክፍል ዝውውር ትጠይቅ። ከካርዲንግ ወደ ማሸጊያ፣ ወደ ጥራት ቁጥጥር ወይም ወደ ስፌት መዛወር ብቻውን ሰው ያድናል። ጥያቄዋን በጽሑፍ ታስገባ፣ ቅጂውን በእጇ ትያዝ፣ የሐኪም ማስረጃ ካለ ታያይዝ። ሕመሙ ወደ ሌሎቹ ቀናት ከተሻገረ፣ ወይም የትንፋሽ ምርመራው እየቀነሰ ከሄደና ዝውውሩን ከከለከሏት ግን፣ ያኔ ደመወዙን ሳይሆን ሳንባዋን ነው የማስቀድመው። ሌላ ሥራ ይገኛል፤ ሌላ ሳንባ የለም።

መብቷንም ትወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታ ይዘረዝራል፦ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስተማር፣ የደህንነት ኮሚቴ ማቋቋም፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ ማስመርመር፣ የሥራ አደጋና የሥራ በሽታን መዝግቦ ለተቆጣጣሪ ማሳወቅ። ማስኩን ከደመወዟ ሊቆርጡባት አይገባም። በሽታዋ ከሥራ የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ የሥራ ጉዳት ነው፤ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ብቻዋን ከምትጮህ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ትሂድ። ማኅበር ከሌለ በአካባቢያችሁ ያለው ሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉት።

ሌሎችም ነገሮች አሉ፣ ባጭሩ ልንካቸው። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ላለች ጓደኛዋ ለመናገር የምትጮህ ከሆነ ድምፁ ጆሮ ይጎዳል፤ ለስምንት ሰዓት ከ85 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) በላይ ሲሰማ መዋል አደገኛ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ ጥጥ እምብዛም አይከላከልም፤ በትክክል የተሠራ መሰኪያ ያስፈልጋል። የሄደ ጆሮ አይመለስም።

ሌላው የሴቶቹ ጉዳይ ነው። ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ በደቂቃ ስለሚቆጠር ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉ ብዙ ናቸው። በዚያ ሙቀት! ከዚያ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይመላለስባቸዋል። ጠይቃት፤ ለወንድሟ ለመናገር ብታፍር እናትህ ይጠይቋት። ነፍሰ ጡር የሆነች ካለች ደግሞ ሕጉ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ ይከለክላል፤ ትርፍ ሰዓትም አይፈቀድም።

ጋውኗን እዚያው ፋብሪካ ቀይራ ብትመጣ ጥሩ ነው፤ ቤት ውስጥ አራግፋ ማንጠልጠል ብናኙን ሕፃናት ወዳሉበት ማምጣት ነው። በቤታችሁ ሲጋራ የሚያጨስ ካለም ከእሷ ይራቅ፣ ሕመሙን ያባብሰዋል።

ሦስት ነገር ጠይቀህ ጻፍልኝ፦ ካርዲንግ ላይ ናት ወይስ ሪንግ ላይ? ኦፏ የትኛው ቀን ነው? ፋብሪካው ውስጥ የደህንነት ኮሚቴ አለ ወይስ የለም? የዝውውር ማመልከቻውን አጻጻፍ እኔ አግዛችኋለሁ።