የሰርፍ ቦርድ ከመግዛትህ በፊት ፊኑን ቀይር

ወንድሜ፣ ማዕበሉ ከወገብ በታች ሲሆን ባለ ሦስት ፊኑ የሰርፍ ቦርዴ (ማዕበል የምጋልብበት ሰሌዳ) ቀጥ ብሎ ይቆምብኛል፣ አዲስ ልግዛ ወይስ ፊን (ከቦርዱ ስር የሚተከለውን ክንፍ መሰል ነገር) ልቀይር ነው ያልከው። ፊኑን ቀይር። እሱ ይረክሳል። ቦርድህ አምስት የፊን ማስገቢያ ካለው የመሀሉን አውጣና ከኋላ ሁለት ትናንሽ ጨምርበት፣ አራት ሆነልህ። የሚጎትትህ የመሀል ፊን ስለሌለ በደካማ ማዕበል እንኳ ሳትታገል ፍጥነት ታገኛለህ፣ ግን ወደ ላይ በቁሙ ልታዞረው ስትል ትንሽ እምቢ ይልሃል፣ እሱን ትለምደዋለህ።

ባለ ሁለት ፊን ደግሞ የባሰ ልቅ ነው፣ በቀላሉ ይዞራል። ለትንሽ ማዕበል እኔ ከሱ የሚበልጥ አላየሁም፤ ማዕበሉ ሲጠነክር ግን ጅራቱ ያመልጥሃል። አውስትራሊያዊው ሰርፈር ማርክ ሪቻርድስ እኮ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1982 አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን በባለ ሁለት ፊኑ ነው የሚታወቀው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሌላው አውስትራሊያዊ ሰርፈር ሳይመን አንደርሰን በባለ ሦስት ፊን ቦርድ አውስትራሊያ ውስጥ ባለው ቤልስ ቢች ላይ በትልቅ ማዕበል ሲያሸንፍ ነው ብዙው ሰው ወደ ሦስት የዞረው።

ሎንግቦርድም (ረጅሙ ቦርድ) ካለህ ፊኑን በማስገቢያው ውስጥ ትንሽ ወደ ፊት ግፋው፣ ለመታጠፍ ይቀልልሃል። ወደ ኋላ ከሳብከው ቦርዱ መስመሩን ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ብቻ ቦርዱንም ፊኑንም በአንድ ቀን አትቀይር፣ የቱ እንደሠራ ግራ ይገባሃል። ደግሞ ብሎኑን ከማጥበቅህ በፊት ቀዳዳው ውስጥ ያለውን አሸዋ እጠበው፣ አለዚያ ፊንህን ባሕሩ ይወስደዋል።