መልስ፦ ከውሻ ጋር የማለዳ የእግር ጉዞ ስለ መጀመር

እህቴ፣ ባለቤትዎ የደም ግፊት ስላለባቸው ከልጆችዎና ከውሻችሁ ጋር ማለዳ ማለዳ በእግር ለመጓዝ ማሰብዎን፣ ነገር ግን ለልጆቹ ደኅንነት መስጋትዎን ገልጸው ምክር ጠይቀዋል። ሐሳብዎ እጅግ መልካም ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት መውሰዱን ያረጋግጡ፤ በየዓመቱም ይደገምለት። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ በሽታው ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የማያስተርፍ በመሆኑ ነው። ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ፣ ቁስሉ ትንሽ ነው ሳይባል ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ የባህል መድኃኒት እየተሞከረ ጊዜ አይጥፋ።

ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ በቀን 30 ደቂቃ ለ5 ቀናት ማለት ነው። የምትኖሩባት ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ ዳገት የበዛባት ከተማ ስለሆነች፣ ከፒያሳ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ቀላል የመሰለው መንገድ ሲመለሱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ስለዚህ ባለቤትዎ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሜዳ ሜዳውን ይሂዱ፣ መድኃኒታቸውንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጡ። በማለዳ የሰፈር ውሾች ስለሚበዙ፣ የውሻውን ማሰሪያ አዋቂ እንጂ ልጅ አይያዘው።