ፖርቱጋል ዕፅ ፈቅዳለች?

«ፖርቱጋል ዕፅ ከፈቀደች፣ ሰው ለገዛ ጤናው ያለበት ኃላፊነት የት ገባ?» ላልከው፦ ወንድሜ፣ አልፈቀደችም። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ10 ቀን ፍጆታ ያልበለጠ ዕፅ የተገኘበት ሰው ወንጀለኛ አይባልም እንጂ ዝም ተብሎም አይለቀቅም። ዕፁ ይወሰድበታል። ከዚያ የጤና፣ የሕግና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች ያሉበት ኮሚሽን ፊት ይቀርባል። ሱስ ከያዘው ሕክምና እንዲጀምር ይገፋፉታል። ሻጩ ግን ዛሬም ይታሰራል። እኔ እንደሚመስለኝ ኃላፊነት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ሰውየው ፖሊስ ፈርቶ ከተደበቀማ እንዴት ብሎ ሐኪም ጋ ይሄዳል? ቅጣት ማንሳት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። የአሜሪካዋ ኦሪገን በ2020 በሕዝብ ድምፅ ጥቂት ዕፅ በመያዝ የሚመጣውን የወንጀል ቅጣት አነሳች፤ ሕክምናው ግን ቶሎ አልደረሰም። በ2024 መልሳ ወንጀል አደረገችው።