ከሦስተኛው ወረቀት በኋላ የሚጠቁር ፕሌት

ከባሕር ዳር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ፎቶዎቹን አይቻለሁ። ከማተሚያ ቤት በወጣ አሮጌ የኦፍሴት ፕሌት፣ ማለትም ስስ የአሉሚኒየም ማተሚያ ሉህ፣ ጀርባ ላይ ታንኳ ስለሽ፣ ሦስቱ ወረቀት ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከአራተኛው ጀምሮ ሰማዩ ጠቆረ። «ቀለሙ ይሆን?» ብለሻል። አይመስለኝም። ጥቁረቱ ከዳር ነው የተነሳው፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ይብሳል። ይሄ የውሃ ማነስ ነው። በሚያዝያ ፀሐይ ቀለም የሚቀባው ሮለር ሳይደርስ ፕሌቱ ይደርቃል።

ሊቶግራፊ፣ ይሄ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ስሎ የማተም ሥራሽ፣ ቅርጽ አይደለም፤ ጠብ ነው፤ የቅባትና የውሃ ጠብ። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ ዝናብ ሲወርድ አይተሽ የለ? ጠብታው ይንከባለላል እንጂ አይገባም። አሎይስ ዜነፌልደር በ1790ዎቹ በባቫርያ ይህንን በኖራ ድንጋይ ላይ አገኘው። የቅባት እርሳስሽ ያረፈበት ቀለም ይይዛል፤ ቀሪው ውሃ ይይዝና ቀለሙን ይገፋል። ውሃው ከሌለ ግን ገፊ የለም፤ ቀለሙ ያገኘው ላይ ይቀመጣል። ሌላው ሁሉ ይህንን ጠብ መጠበቅ ነው።

ፕሌቱን የሸጠልሽ ሰው ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎታል። ጭረት ብቻ! ውሃ የሚይዘው ደቃቅና እኩል ሻካራነት ነው። ጓደኛሽ «የጠቆረውን በአኳራጅ ጥረጊው» ማለቱ ደግሞ ባሰ፤ ቅባቱን ወደ ሰማዩ አዳረሰው። ቀኝ ጥግ ላይ ያለው ክብ ጥቁረት የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። የአውራ ጣትሽ ነው።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ምስሉን ወፍራም ቀለም አልብሰሽ የታልክ ዱቄት በትኚበት። የግራር ሙጫ ላይ ጥቂት ጠብታ ፎስፎሪክ አሲድ ጨምረሽ ቀቢው፤ ጓንት አትርሺ። ከገበያ የሚገዛው ሙጫ አፈርና ቅርፊት አለበት፤ በነጠላ አጥልይው። በደረቅ ጨርቅ እስኪሳሳ ወልውለሽ አሳድሪው። ጠዋት በደረቀው ሙጫ ላይ የድሮውን ቀለም በአኳራጅ አንሺ፣ በውሃ እጠቢ፣ ከዚያ ሮለር።

«ፕሌቱ እስኪደርቅ ቡና አፈላለሁ» ያልሽው አስደንግጦኛል። አኳራጅ ባለበት ክፍል ከሰል አይግባ! በር ይከፈት፤ ቡናው ደጅ ይፈላ።

ስታትሚ ሁለት ስፖንጅ ያዢ፤ አንዱ ማርጠቢያ፣ አንዱ መጥረጊያ። ከተቻለ አንድ ሰው ያርጥብልሽ። መጋረጃውን ዝጊ። ቀለሙን በዘይት አታቅጥኚ። አኳራጅ የነካውን ጨርቅ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አድርገሽ ደጅ አውጪው፤ ከሰሉ አጠገብ ግን አይደለም።