ማታ ማታ የሚነሳው የበያጅ ትኩሳት

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በርና መስኮት የሚሠራ የብረታ ብረት ቤት ተቀጥሮ ይበይዳል። አንዳንድ ቀን ደህና ይገባና ማታ ላይ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፌን ብረት ብረት አለኝ ይላል። በማግስቱ ይሻለዋል። እሑድ አርፎ ሰኞ ሲሠራ ደግሞ ይብስበታል። ታይፎይድ ነው ተብሎም መድኃኒት ወስዷል። ጓደኞቹ «ወተት ጠጣ፣ ጭሱን ያጥብልሃል» ስለሚሉት በየቀኑ ይጠጣል። እውነት ይጠቅመዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ወተቱ ጭሱን አያጥበውም። ወተት ሆድ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ደግሞ ሳንባ። ምግብ ነውና ይጠጣ፤ ግን ወተቱን ተማምኖ ጭሱ ውስጥ ከተጎነበሰ እየተጎዳ ነው።

የጻፍሽው ምልክት በሐኪሞች ዘንድ የብረት ጭስ ትኩሳት የሚባለውን በጣም ይመስላል። ጋልቫናይዝድ ቱቦላሬ ወይም ላሜራ ሲበየድ ላዩ ላይ የተቀባው ዚንክ ይተንና ነጭ ጭስ ይሆናል፤ ያን የሳበ ሰው ወዲያው ምንም አይሰማውም፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ቆይቶ ነው ትኩሳቱ የሚነሳበት፣ ለዚህ ነው ቤት ከገባ በኋላ የሚያመው። በሥራ ቀናት ሰውነቱ ትንሽ ይለምደዋል። ሲያርፍ ልምዱ ይጠፋል፣ ሰኞ እንደገና ይጀምራል። ትኩሳቱ ከወባም ከታይፎይድም ጋር ስለሚመሳሰል ምርመራው አይቅር፤ ሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ ግን ገና ከመጀመሪያው «በያጅ ነኝ፣ ዚንክ ያለው ብረት ስበይድ ነው የዋልኩት» ይበል። ሳይጠየቅ ይናገር።

እኔን ከትኩሳቱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ዝም ብሎ የሚጠራቀመው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በፈረንጆች 2017 የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ተራው ብረትም ቢሆን ነፃ አይደለም። ስቴይንለስ ስቲል ሲበየድ ደግሞ ጭሱ ውስጥ ክሮሚየምና ኒኬል ይገባበታል፤ በብረቱና በኤሌክትሮዱ ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ ደግሞ ለዓመታት ብዙ ከተሳበ አንጎልን ነክቶ እንደ ፓርኪንሰን ያለ መንቀጥቀጥና የአካሄድ ችግር ያመጣል። በያጆች በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸውም ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው።

ታዲያ ምን ያድርግ? የሚበየድበትን ቦታ ዚንክ አስቀድሞ በግራይንደር ያንሳው፣ ማስክ አድርጎ። ከተቻለ ደጅ ይሥራ። ነፋሱ በጎኑ በኩል ይምጣ፣ ፊቱ ከሚወጣው ጭስ ውጭ ይሁን፤ ብዙ በያጅ ስፌቱን ለማየት ብሎ አፍንጫውን ጭሱ ላይ ይደቅናል፣ እባክሽ ይህን ደጋግመሽ ንገሪው። የብየዳ መነጽርና የፊት መከላከያ ለዓይን ነው፣ ጭስ አያጣራም። ሻርፕ መጠምጠም ወይም የሐኪም ቤቱ ስስ ማስክም አያግደውም፤ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ ኤን95 የሚባለው ማስክ ወይም ከዚያ የተሻለ ያስፈልጋል፣ እሱም ከጭሱ ጋር የሚወጣውን ጋዝ አያስቆምም፣ ስለዚህ አየር የግድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታልና ከኪሱ ሊገዛ አይገባም፣ ይጠይቅ። ብቻውን ከከበደው ከጓደኞቹ ጋር ይጠይቅ።

ትኩሳቱ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም ትንፋሽ እያጠረው፣ ደረቱን እየጨመቀው ከሄደ ግን የተለመደው ነው ብላችሁ አትደሩ። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።